ማጓጓዣውም ይቀረጣል፦ ከውጭ በኦንላይን የሚገዛ ዕቃ እጅ እስኪገባ የሚያስወጣው ወጪ እንዴት ይሰላል?

አዲስ አበባ የሚኖር ሰው ከቻይና ወይም ከአሜሪካ የኦንላይን መደብር የ60 ዶላር ዕቃ አዝዞ፣ ዕቃው ቦሌ ደርሶ እጁ እስኪገባ ድረስ ከ170 ዶላር በላይ ሊያወጣ ይችላል። እንዲህ ያለ ሒሳብ የገጠመው ገዢ ብዙውን ጊዜ ወይ ሻጩ አታልሎኛል፣ ወይ ጉምሩክ አላግባብ አስከፍሎኛል ብሎ ይደመድማል። ሁለቱም የሚሆንበት አጋጣሚ ባይጠፋም፣ በአብዛኛው ክፍያው በሕግ ከተቀመጠ ስሌት የመጣ ነው። ስሌቱም ማንኛውም ሰው ዕቃውን ከማዘዙ በፊት በወረቀትና በስክሪብቶ ሊሠራው የሚችል ነው። ችግሩ ያለው ገዢው ሁለት ነገሮችን ሳያውቅ ወደ ግዢው መግባቱ ላይ ነው፦ አንደኛ፣ ለማጓጓዣ የከፈለው ገንዘብ ራሱ ቀረጥና ታክስ የሚጣልበት መሆኑ፤ ሁለተኛ፣ ታክሶቹ ጎን ለጎን የሚቆሙ ሳይሆኑ አንዱ በሌላው ላይ እየተደረበ የሚሰላ መሆኑ። ይህ ጽሑፍ እነዚህን ሁለት ነጥቦች በቁጥር አስደግፎ ለማስረዳት የተዘጋጀ ነው።

በመጀመሪያ ማጓጓዣውን እንመልከት። አብዛኛው ሰው የማጓጓዣ ዋጋ በኪሎ የሚታሰብ ይመስለዋል፤ በእርግጥም ሚዛን አንዱ መለኪያ ነው። ነገር ግን አውሮፕላን ውስጥ የሚያልቀው ቦታም ጭምር ስለሆነ፣ እንደ ዲኤችኤል፣ ፌዴክስና ዩፒኤስ ያሉ ፈጣን አጓጓዦች የካርቶኑን ርዝመት፣ ስፋትና ቁመት በሴንቲ ሜትር ለክተው እርስ በርስ ካባዙ በኋላ ውጤቱን ለ5,000 ያካፍላሉ። በዚህ የሚገኘው ቁጥር ዕቃው በያዘው ቦታ ልክ የሚታሰብለት ክብደት ነው። ከዚያም በሚዛን ላይ ከታየው ክብደትና በስሌት ከተገኘው ክብደት የበለጠው ይወሰድና ክፍያው በእርሱ ይተመናል።

ይህ አሠራር ምን ያህል እንደሚጎዳ ለማየት ከአዲስ አበባ ወደ ውጭ የሚላክ አንድ ዕቃ እንውሰድ። በዋሽንግተን ወይም በስቶክሆልም የምትኖር እኅት ከሽሮ ሜዳ የሚሸጥ መሶብ በኦንላይን አዘዘች እንበል። መሶቡ ክዳኑን ጨምሮ 4 ኪሎ ብቻ ይመዝናል፤ የሚገባበት ካርቶን ግን በሁለቱም ጎኑ 50 ሴንቲ ሜትር፣ በቁመቱ 60 ሴንቲ ሜትር ነው። ሦስቱ ሲባዙ 150,000 ይሆናል፤ ለ5,000 ሲካፈል 30 ይወጣል። ስለዚህ እኅታችን የምትከፍለው የ4 ኪሎ ሳይሆን የ30 ኪሎ ዋጋ ነው። በሌላ በኩል፣ ከዚሁ ስሌት የሚገኝ ጥቅምም አለ። የ30 ኪሎ ዋጋ እስከከፈለች ድረስ የመሶቡን ሆድ በነጠላ፣ በጋቢና በቀሚስ ብታስሞላው፣ ሚዛኑ ከ30 ኪሎ እስካላለፈ ድረስ በማጓጓዣው ላይ የሚጨመር ነገር የለም። ይህን የሚያውቁ ላኪዎች መሶብን ብቻውን አይልኩም።

ወደ ኢትዮጵያ በሚመጣ ዕቃም ሕጉ ያው ነው። 40 በ30 በ25 ሴንቲ ሜትር በሆነ ካርቶን የታሸገ አንድ ኪሎ ተኩል የሚመዝን የክረምት ጃኬት በ6 ኪሎ ይታሰባል። ጃኬቱ አየሩ ወጥቶለት በላስቲክ ከረጢት ቢታሸግ ግን ወደ ትክክለኛ ክብደቱ ይጠጋል። ጫማ ያለ ካርቶኑ እንዲላክ መጠየቅም ከዚሁ የተነሣ ነው። ሻጩ በነፃ የሚያደርገው ትንሽ ነገር በመሆኑ መጠየቁ አይከብድም። ከኪሎው ዋጋ በተጨማሪ ፈጣን አጓጓዦች በየጊዜው የሚለዋወጥ የነዳጅ ጭማሪ፣ ከዋና ከተማ ርቆ ለሚደርስ ዕቃ ደግሞ የርቀት ጭማሪ ያስከፍላሉ። ስለዚህ ጅማ ወይም ጎንደር ያለ ሰው አዲስ አበባ ያለ ዘመዱን አድራሻ ቢሰጥ የተሻለ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው።

በፖስታ የሚመጣ ዕቃ በአብዛኛው ርካሽ፣ ግን ዘገምተኛ ነው። ኢትዮጵያ ከ1908 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል ስለሆነች፣ ከየትኛውም አባል አገር በፖስታ የተላከ ጥቅል በኢትዮጵያ ፖስታ በኩል ለተቀባዩ ይደርሳል። የጥቅሉ መከታተያ ቁጥር በሁለት ፊደላት ጀምሮ፣ በመካከሉ ዘጠኝ አኃዞችን ይዞ፣ የላኪውን አገር በሚያመለክቱ ሁለት ፊደላት ያበቃል። ቁጥሩ በዚህ መልክ ካልተጻፈ፣ ሻጩ በፖስታ ልኬያለሁ ቢልም ዕቃው በሌላ የግል አጓጓዥ እጅ ነው ማለት ይሆናል፤ ያን ጊዜ ፖስታ ቤት ሄዶ መጠየቅ ትርፉ ድካም ነው። ለተቀባዩ የፖስታ ሣጥን ቁጥርና በተለይም የሚሠራ የስልክ ቁጥር በአድራሻው ላይ መጻፉ ወሳኝ ነው፤ ምክንያቱም በቤት ቁጥርና በመንገድ ስም ሰውን ፈልጎ ማግኘት በከተሞቻችን ገና አልተለመደም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። የኢትዮጵያ የጉምሩክ አዋጅ ቁጥር 859/2006 ቀረጥ የሚሰላበትን ዋጋ የሚወስነው፣ ዕቃው መጀመሪያ ወደ አገሪቱ የጉምሩክ ክልል እስከሚገባበት ቦታ ድረስ የወጣበትን ጠቅላላ ወጪ በመያዝ ነው። ይህም በሥራው ላይ ያሉ ሰዎች ሲአይኤፍ የሚሉት፣ የዕቃውን መግዣ፣ የመድኑንና የማጓጓዣውን ክፍያ በአንድ ላይ የደመረ ዋጋ ነው። ብዙ አገሮች፣ የአውሮፓ ኅብረትን ጨምሮ፣ በዚሁ መንገድ ይሠራሉ። አሜሪካ ግን ከዚህ ትለያለች፤ እዚያ ቀረጥ የሚጣለው በዕቃው ዋጋ ላይ ብቻ ሆኖ፣ ዕቃው ከውጭ ወደ አሜሪካ የመጣበት የማጓጓዣና የመድን ክፍያ ከስሌቱ ይወጣል። ስለዚህ አሜሪካ የሚኖር ዘመድ ለዕቃ ማጓጓዣ የሚሰጠው ምክር ኢትዮጵያ ላለ ሰው ላይሠራ ይችላል። እርሱ ፈጣኑን መንገድ ሲመርጥ የሚጨምረው የማጓጓዣውን ልዩነት ብቻ ነው፤ እዚህ ያለው ገዢ ግን በልዩነቱ ላይ ቀረጥና ታክስም ይከፍላል።

በዚሁ ምክንያት «ማጓጓዣ በነፃ» የሚለው ማስታወቂያ በቀረጥ ስሌት ላይ የሚያመጣው ለውጥ የለም። ሻጩ የማጓጓዣውን ወጪ በዕቃው ዋጋ ውስጥ አስገብቶት ከሆነ፣ ቀረጡ ያው በጠቅላላው ላይ ይሰላል። ገዢው ማነጻጸር ያለበት የመጨረሻውን ድምር ከመጨረሻው ድምር ጋር ነው።

በዚህ ዋጋ ላይ የሚደረደሩት ክፍያዎች ቅደም ተከተል አላቸው። መጀመሪያ የጉምሩክ ቀረጥ ይመጣል። ምጣኔው እንደ ዕቃው ዓይነት ከዜሮ ይጀምርና እስከ 35 በመቶ ይደርሳል። ዕቃው በአዋጅ ቁጥር 1186/2012 ኤክሳይዝ ታክስ ከሚከፈልባቸው አንዱ ከሆነ፣ ኤክሳይዙ የሚሰላው ቀረጡ በተደመረበት ዋጋ ላይ ነው። ከዚያ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ማለትም ቫት፣ ከላይ በተደመረው ሁሉ ላይ ይታሰባል። ቀጥሎ በደንብ ቁጥር 133/1999 የተጣለው 10 በመቶ ሱር ታክስ ይመጣል፤ እርሱም ቫቱን ጭምር በያዘው ድምር ላይ ይሰላል። በመጨረሻም በደንብ ቁጥር 519/2014 የተጣለው 3 በመቶ የማኅበራዊ ልማት ቀረጥ አለ፤ ይህ የሚሰላው በመነሻው የሲአይኤፍ ዋጋ ላይ ነው። ዕቃውን ለንግድ የሚያስገባ ሰው ከእነዚህ በተጨማሪ 3 በመቶ ዊዝሆልዲንግ ይከፍላል። ይህኛው ግን ወደፊት ከሚከፍለው የገቢ ግብር ላይ የሚቀነስለት ቅድመ ክፍያ ስለሆነ፣ ደረሰኙን መጠበቅ አለበት። ከሱር ታክስና ከሌሎቹም በሕግ ነፃ የተደረጉ ዕቃዎች መኖራቸውን አስታውሰን፣ ነፃ ያልሆነውን እንከተል።

መግቢያው ላይ ወደ ጠቀስነው የ60 ዶላር ዕቃ እንመለስ። ገዢው ዕቃው በቶሎ እንዲደርስለት ፈልጎ 38 ዶላር ለፈጣን ማጓጓዣ፣ 2 ዶላር ለመድን ከፈለ እንበል። የሲአይኤፍ ዋጋው 100 ዶላር ይሆናል። የቀረጡ ምጣኔ ከፍተኛው፣ ማለትም 35 በመቶ ነው፤ ኤክሳይዝ ደግሞ የለበትም። ቀረጡ 35 ዶላር ይሆንና ድምሩ 135 ይደርሳል። የ135 ቫት 20 ዶላር ከ25 ሳንቲም ስለሆነ ድምሩ 155 ከ25 ይሆናል። የዚህ ሱር ታክስ 15 ዶላር ከ53 ሳንቲም ነው። የማኅበራዊ ልማት ቀረጡ በመቶው ዶላር ላይ ስለሚታሰብ 3 ዶላር ነው። አራቱ ሲደመሩ 73 ዶላር ከ78 ሳንቲም ይሆናሉ፤ ገዢው በጠቅላላው የሚያወጣው 173 ዶላር ከ78 ሳንቲም ነው ማለት ነው።

አሁን ያው ሰው ያንኑ ዕቃ በዘገምተኛው መንገድ በ14 ዶላር ማጓጓዣና በ1 ዶላር መድን ቢያስመጣ ኖሮ፣ መነሻው 75 ዶላር፣ ታክሱ ሁሉ ተደምሮ 55 ዶላር ከ33 ሳንቲም፣ ጠቅላላ ወጪው 130 ዶላር ከ33 ሳንቲም ይሆን ነበር። የማጓጓዣውና የመድኑ ልዩነት 25 ዶላር ብቻ ሆኖ ሳለ፣ የመጨረሻው ልዩነት ከ43 ዶላር በላይ ነው። በዚህ የቀረጥ ምጣኔ፣ ለማጓጓዣ የሚከፈል እያንዳንዱ 1 ዶላር እጅ ሲገባ 1 ዶላር ከ74 ሳንቲም ያስወጣል። በእኔ እምነት ከዚህ ጽሑፍ አንድ ቁጥር ብቻ የሚያስታውስ አንባቢ ቢኖር፣ ይህን ቢያስታውስ ይበቃዋል፤ ምክንያቱም ገዢው በቀረጡ ምጣኔ ላይ ሥልጣን ባይኖረውም፣ ማጓጓዣውን የሚመርጠው ራሱ ነው።

የቀረጥ ምጣኔው ዝቅ ሲል ጫናው ይቀንሳል፤ ነገር ግን አይጠፋም። በ20 በመቶ ምጣኔ በመቶ ዶላር ላይ የሚከፈለው 54 ዶላር ከ80፣ በ10 በመቶ ደግሞ 42 ዶላር ከ15 ሳንቲም ነው። ቀረጡ ዜሮ ቢሆን እንኳ ቫቱ፣ ሱር ታክሱና የማኅበራዊ ልማት ቀረጡ ተደምረው 29 ዶላር ተኩል ይሆናሉ። «ይህ ዕቃ ከቀረጥ ነፃ ነው» የሚል ወሬ ሰምቶ ያዘዘ ሰው የሚደናገጠው እዚህ ላይ ነው። በተቃራኒው 35 በመቶ ቀረጥ ባለበት ዕቃ ላይ 40 በመቶ ኤክሳይዝ ቢታከልበት፣ ኤክሳይዙ ራሱ ቫቱንና ሱር ታክሱን ስለሚያሳድጋቸው ጠቅላላው ክፍያ 142 ዶላር ገደማ ይደርሳል፤ ማለትም ዕቃው ከነማጓጓዣው ከወጣበት ገንዘብ በላይ ለመንግሥት ይከፈላል።

ምጣኔው የትኛው እንደሆነ የሚወሰነው በታሪፍ አመዳደብ ነው። የዓለም ጉምሩክ ድርጅት ያዘጋጀውና ከ1988 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው ኤች ኤስ ኮድ ለእያንዳንዱ የዕቃ ዓይነት ቁጥር ይሰጣል። የመጀመሪያዎቹ 6 አኃዞች በየትኛውም ተጠቃሚ አገር አንድ ናቸው፤ ከዚያ በኋላ ያሉትን እያንዳንዱ አገር በራሱ ይጨምራል። ስለዚህ ገዢው ሻጩን ኮዱን ጠይቆ የመጀመሪያዎቹን 6 አኃዞች በኢትዮጵያ የታሪፍ መጽሐፍ ውስጥ ቢፈልግ፣ የሚከፍለውን ምጣኔ አስቀድሞ ያገኘዋል። የዕቃው መግለጫ በኢንቮይሱ (ሻጩ በሚያዘጋጀው የዋጋ ሰነድ) ላይ በጥንቃቄ መጻፉም ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። «መለዋወጫ» ወይም «ስጦታ» ተብሎ በደፈናው የተጻፈ ጥቅል ተከፍቶ መፈተሹ አይቀርም፤ ፈታሹም ከሚመስሉት ምድቦች አንዱን ይሰጠዋል። «የልብስ ስፌት መኪና መርፌ፣ ከብረት የተሠራ፣ 20 ፍሬ» ተብሎ የተጻፈ ግን የሚያከራክር ነገር የለውም።

ስለ ስጦታ ካነሣን፣ በስፋት የተሳሳተ እምነት አለ። ላኪው በጥቅሉ ላይ በሚለጠፈው የጉምሩክ ማሳወቂያ ቅጽ ላይ «ስጦታ» የሚለውን ሣጥን ምልክት ስላደረገበት ብቻ ዕቃው ከቀረጥ ነፃ አይሆንም፤ ጉምሩክ የሚያየው የዕቃውን ዓይነት፣ ብዛትና ዋጋ ነው። ከዚህ የባሰው ዋጋ አሳንሶ ማስጻፍ ነው። አንዳንድ የውጭ ሻጮች ገዢው ሳይጠይቃቸው ጭምር የ60 ዶላሩን ዕቃ 8 ዶላር ብለው ይጽፋሉ፤ ለገዢው ያሰቡለትም ይመስላቸዋል። ይህ ሐሰተኛ ሰነድ ከመሆኑም በላይ ገዢውን በሦስት መንገድ ይጎዳዋል። የዋጋ ትመና ባለሙያው የቀረበውን ዋጋ ካልተቀበለው፣ ተመሳሳይ ዕቃ ቀደም ሲል የገባበትን ዋጋ ወስዶ ያሰላል፤ ያ ዋጋ ደግሞ ገዢው በቅናሽ ከገዛበት እውነተኛ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። ዋጋ አሳንሶ ማቅረብ ቅጣትም ያስከትላል። ዕቃው መንገድ ላይ ቢጠፋ ወይም ቢሰበርም፣ አጓጓዡ የሚክሰው በሰነዱ ላይ በተጻፈው 8 ዶላር ልክ ነው። እውነተኛውን ኢንቮይስ፣ የክፍያውን ማረጋገጫና ከሻጩ ጋር የተጻጻፉትን መልእክት አንድ ላይ ይዞ የሚቀርብ ሰው ግን፣ የተተመነበት ዋጋ ትክክል አይደለም ብሎ ቅሬታ ለማቅረብ መሬት የረገጠ ማስረጃ አለው። ቅሬታው በጉምሩክ ኮሚሽን ውስጥ ካልተፈታም እስከ ፌዴራል ግብር ይግባኝ ሰሚ ኮሚሽን ድረስ መሄድ ይቻላል።

ከዋጋው ጎን የምንዛሪው ጉዳይ አለ። ገዢው ክፍያውን የፈጸመበት ቀን ምንዛሪና ጉምሩክ ዋጋውን ወደ ብር የሚለውጥበት ቀን ምንዛሪ አንድ አይደሉም፤ በመካከሉ ሳምንታት ወይም ወራት ሊያልፉ ይችላሉ። ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪን ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ካደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ወዲህ ይህ ቀላል ጉዳይ መሆኑ ቀርቷል። ከዚያ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 58 ብር ገደማ ነበር፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። በምሳሌያችን ያገኘነው የ73 ዶላር ከ78 ሳንቲም ቀረጥና ታክስ በ58 ብር ሲመነዘር ወደ 4,280 ብር ነው፤ በ150 ብር ሲመነዘር ግን ከ11,000 ብር ይበልጣል። የቀረጥ ምጣኔው አንድም ሳይነካ የሚከፈለው ብር ከእጥፍ በላይ የሚያድገው በዚህ መንገድ ነው። ስለዚህ ለቀረጥ የሚቀመጥ ገንዘብ ከተሰላው ትንሽ ከፍ ብሎ ቢቀመጥ ይመረጣል።

ታክሱን ማን ይከፍላል የሚለው ደግሞ በግዢው ውል ላይ ይወሰናል። በዓለም አቀፍ ንግድ ዲዲፒ የሚባለው ውል ሻጩ ቀረጥና ታክሱን ጭምር ከፍሎ ዕቃውን እደጃፍ የሚያደርስበት ነው። ዲኤፒ በሚባለው ግን ሻጩ ማጓጓዣውን ብቻ ይሸፍንና የመዳረሻው አገር ቀረጥና ታክስ የገዢው ዕዳ ይሆናል። የኦንላይን መደብሮች እነዚህን ምሕጻረ ቃላት ብዙም አይጠቀሙም፤ ይልቁንም ክፍያ በሚፈጸምበት ገጽ ግርጌ በትንንሽ ፊደል «የአገርዎ ቀረጥና ታክስ አልተካተተም» የሚል ዓረፍተ ነገር ያስቀምጣሉ። ወደ ኢትዮጵያ በሚላክ ዕቃ ላይ ይህ ዓረፍተ ነገር እንዳለ መገመት ይሻላል።

ፈጣን አጓጓዥ ቀረጡን ስለ ገዢው ከከፈለ በኋላ ገንዘቡን መልሶ ሲጠይቅ፣ ለዚህ አገልግሎቱ የተወሰነ ክፍያ ይጨምርበታል። ገዢው በትራንዚተር፣ ማለትም በጉምሩክ ጉዳይ አስፈጻሚ፣ በኩል ዲክላራሲዮን (የጉምሩክ ማሳወቂያ ሰነድ) አስሞልቶ ማስወጣት ከፈለገም የትራንዚተሩ ክፍያ አለ። በትንሽ ዕቃ ላይ ይህ ክፍያ ከቀረጡ ሊበልጥ ስለሚችል፣ ዋጋውን ሳይጠይቁ ውክልና መስጠት አይገባም። ዕቃው በመጋዘን በቆየ ቁጥር የመጋዘን ኪራይ ይቆጠራል። የኪራዩ ቆጠራ የሚጀምረው ገዢው ባወቀበት ቀን ሳይሆን ለነፃ ቆይታ የተሰጠው ጊዜ ባበቃበት ቀን ነው። የስልክ ቁጥሩ የተሳሳተበት ሰው ይህን የሚያውቀው ዘግይቶ ነው። መድኃኒት፣ የምግብ ማሟያና መዋቢያ ከኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን፣ ድሮን ደግሞ ከኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር ፈቃድ ስለሚጠየቅባቸው፣ ፈቃዱ ከማዘዙ በፊት ካልተያዘ ዕቃው መጋዘን ውስጥ ተቀምጦ ኪራይ ሲበላ ይከርማል።

በእርግጥ ብዙ ሰው በራሱ ካርድ አይገዛም። የውጭ ምንዛሪ ካርድ ማግኘት ለሁሉም ስለማይሆን፣ ከሺን፣ ከቴሙና ከአሊ ኤክስፕረስ ዕቃ እናስመጣለን በሚሉ የቴሌግራም አስመጪዎች በኩል ያዝዛል። እነዚህ ሰዎች ዕቃውን በዱባይ ወይም በጓንጆ በሚገኝ አድራሻ አሰባስበው በካርጎ ያስመጡታል። ብዙ ትንንሽ ዕቃዎች በአንድ ጭነት ሲመጡ የማጓጓዣው ወጪ ስለሚከፋፈል፣ ከላይ ካየነው ስሌት አንጻር ጥቅሙ እውነተኛ ነው። ሆኖም ገዢው ቅድሚያ ክፍያ ከመላኩ በፊት ማረጋገጥ ያለበት፣ የተነገረው ዋጋ ቀረጡን ያካትታል ወይስ ዕቃው ሲደርስ «በኪሎ ይህን ያህል ጨምሩ» ይባላል የሚለውን ነው። በኪሎ የሚለው ደግሞ በሚዛን ነው ወይስ በካርቶኑ ስፋት? ዕቃው ጉምሩክ ላይ ቢያዝ ኪሳራው የማን ነው? ለእነዚህ በጽሑፍ መልስ የማይሰጥ አስመጪ ዋጋው የቱንም ያህል ቢረክስ ባይመረጥ ጥሩ ነው። ዕቃው በሕጋዊ መንገድ ስለመግባቱ ማስረጃ የሌለው አስመጪ ደንበኛውን ከተያዘ ዕቃ ጋር ትቶት ሊጠፋ ይችላልና።

በውጭ ለሚኖሩ ወገኖቻችን ሒሳቡ በየአገሩ ይለያያል፤ ባለፉት ጥቂት ዓመታት ግን አቅጣጫው አንድ ሆኗል፦ ትንሽ ጥቅል ያለ ቀረጥ የሚያልፍበት በር እየጠበበ ነው። አሜሪካ ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እስከ 800 ዶላር የሚያወጣ ዕቃ ያለ ቀረጥ ታስገባ ነበር። ይህን ነፃነት በሜይ 2025 ከቻይናና ከሆንግ ኮንግ ለሚመጡ ዕቃዎች፣ በኦገስት 29 ቀን 2025 ደግሞ ከየትኛውም አገር ለሚመጡ ዕቃዎች አነሣችው። በዚያው ሰሞን የበርካታ አገሮች ፖስታ ቤቶች ቀረጡን የሚሰበስቡበት ሥርዓት ስላልነበራቸው ወደ አሜሪካ የሚልኩትን ጥቅል ለጊዜው አቁመው ነበር። ስለዚህ ቀሚስ ወይም መሶብ ከአዲስ አበባ የሚያዝዝ ሰው፣ ቀደም ሲል ያላሰበውን ቀረጥና የአጓጓዡን የአገልግሎት ክፍያ አሁን በሒሳቡ ውስጥ ማስገባት ይኖርበታል።

በአውሮፓ ኅብረት እስከ 22 ዩሮ የሚያወጣ ዕቃ ከቫት ነፃ መሆኑ በጁላይ 1 ቀን 2021 ቀርቷል። እስከ 150 ዩሮ ያለው ከጉምሩክ ቀረጥ ነፃ ሆኖ ቆይቶ፣ የኅብረቱ አገሮች በ2025 መጨረሻ ይህንንም ለማንሣትና እስከዚያው ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ በአንድ የዕቃ ዓይነት 3 ዩሮ ለማስከፈል ተስማምተዋል። በብሪታንያ እስከ 135 ፓውንድ ባለው ዕቃ ላይ ቫቱን የሚሰበስበው ሻጩ ራሱ ነው። በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ደግሞ ከቀረጥ ነፃ የነበረው የ1,000 ድርሃም ጣሪያ ከ2023 መጀመሪያ ጀምሮ ወደ 300 ድርሃም ወርዷል። በአውሮፓ ልብ ሊባል የሚገባው፣ ትልልቆቹ መደብሮች ቫቱን ክፍያ ሲፈጸም የሚሰበስቡ ሲሆን፣ ትንሽ ሻጭ ግን ይህን ካላደረገ አጓጓዡ ቫቱን ከነአገልግሎት ክፍያው በር ላይ ይጠይቃል፤ የአገልግሎት ክፍያውም አንዳንዴ ከቫቱ ይበልጣል። ቫቱን አንዴ ለሻጩ የከፈለ ሰው የግዢውን ደረሰኝ ካልያዘ ደግሞ ሁለተኛ እንዲከፍል ሊጠየቅ ይችላል።

የቀረው መመለስ ነው። የውጭ መደብሮች «ካልወደዱት ይመልሱ» ሲሉ የሚመልሱት የዕቃውን ዋጋ ነው፤ የመምጫውን ማጓጓዣ በአብዛኛው አይመልሱም፣ የመመለሻውን ደግሞ ገዢው ይሸፍናል። በኢትዮጵያ የተከፈለው ቀረጥና ታክስ ለሻጩ የተላለፈ ገንዘብ ስላልሆነ እርሱ ሊመልሰው አይችልም። ከመንግሥት ለማስመለስም ዕቃው በሥርዓቱ ተመልሶ ከአገር መውጣቱን በሰነድ ማስረዳት ይጠይቃል፤ ይህም ለአንድ ጫማ ወይም ለአንድ ጃኬት የሚጠፋውን ጊዜ የሚያካክስ አይደለም። በምሳሌያችን ያለው ገዢ የ60 ዶላሩን ዕቃ መልሶ ሙሉ ዋጋውን ቢቀበል እንኳ፣ ከከፈለው 173 ዶላር ውስጥ 113ቱ አይመለስለትም፤ የመመለሻው ማጓጓዣም በላዩ ይጨመርበታል። በዚህ ምክንያት ዕቃው ጉድለት ሲኖረው የሚያዋጣው፣ ጉድለቱን በፎቶና በቪዲዮ አስደግፎ ዕቃው ሳይመለስ የዋጋው ከፊል እንዲመለስ ሻጩን መጠየቅ ነው። ትልልቆቹ የኦንላይን መደብሮች ለዚህ የሚሆን የአቤቱታ ቅጽ አላቸው። ቅጹ የሚሞላበት ጊዜ የተወሰነ ስለሆነና ዕቃው ጉምሩክ ላይ የሚቆይባቸው ቀናት ከዚያ ላይ ስለሚቆጠሩ፣ ጊዜው ከማለቁ በፊት ሻጩን እንዲያራዝመው በጽሑፍ መጠየቅ ያስፈልጋል።